ወረፋው የቆመበት ቀን

የታሰርሁት ኔትወርክ ዘግተሃል ተብዬ ነው። ደብረ ታቦር በምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩ መልእክት መላክ አቃተው፤ ባለሙያው እኔ ስለነበርሁ «ሆን ብሎ ነው» ተባለ። የከተቱኝ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ቤቱ እርጥብ ጋቢና የገብስ አቧራ ይሸታል።

አጠገቤ የሚተኙት ከእብናት በኩል የመጡ የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጃቸው ያለበትን አልናገርም ብለው ነው የታሰሩት። ሳል ይዟቸዋል። የታሰርሁበትን ስነግራቸው «ገመዱን በጥርስህ ነው የበጠስኸው?» ብለው ሳቁብኝ።

በዘጠነኛው ቀን የእስር ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። የሚፈቱ ሰዎች ዝርዝር የሚላከው ከዚያው ከመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ነው፤ አልወጣም፤ በወረቀት እንዳይላክ መንገዱ ተዘግቷል። የመምህሩም ስም አለበት።

«ካስተካከልኸው ግን ያበላሸኸው አንተ ነህ» አለኝ።

ፈራሁ። ለመምህሩ ስነግራቸው ለእኔ ብለህ እንዳትገባበት አሉ። ቆይተው ጥፋቱን ታውቀዋለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ገና አላየሁትም አልሁ።

«እንግዲያ እየው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

በማግሥቱ ወታደር ቆሞብኝ ኮምፒውተሩን ፈተሽሁ። ገመዱ ደህና ነው። አጥፍተው ሲያበሩት ትንሽ ልኮ ይቆማል። የሚላከው ሁሉ ከርነሉ ውስጥ፣ ማለትም ሁሉን በሚያዝዘው ዋና ፕሮግራም ውስጥ፣ ተሰልፎ ቀርቷል። ወደ ገመዱ የሚያወጣው የኔትወርክ ካርድ ሲሞላ ሰልፉ «ቁም» ይባላል፤ ቦታ ሲለቀቅ «ቀጥል»። እዚህ «ቀጥል» በቅጽበት ቀድሞ መጣ፣ «ቁም» ተከተለው፤ ከዚያ ወዲያ «ቀጥል» ያለው የለም። ወፍጮው ሥራ ፈትቶ ሴቶቹ ከነእህላቸው ደጅ እንደቀሩ ማለት ነው። ከ«ቁም» በኋላ ቦታ መኖሩን መልሶ የሚያይ ሁለት መስመር ትእዛዝ ፕሮግራሙ ላይ ጨመርሁ። ዝርዝሩ ሄደ።

ኃላፊው «ያበላሸሁትን አስተካክያለሁ» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ሰረዝሁትና ጥፋቱን ከነቅደም ተከተሉ ጽፌ ፈረምሁ። ይህን ማን ያነበዋል ሲል፣ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ ያነበዋል አልሁት።

መምህሩ ግን በወረቀት አላመኑም። እንደ ጉባኤ ቤት ተማሪ ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ ጥፋቱን በቃላቸው ያዙት። በማግሥቱ ጋቢያቸውን ትተውልኝ ተፈትተው ወጡ። እኔ አራት ወር ቆየሁ።

ወረቀቷ የት እንደደረሰች አላውቅም። ባለፈው ዓመት መምህሩን ልጠይቅ ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ገና ሳይመርቁኝ ካርዱን፣ ሰልፉን፣ የቀደመውንና የተከተለውን ቃል ሳይስቱ በቃላቸው ወጡት።

«የሚጠይቀኝ ቢመጣ ብዬ ነው» አሉ። «እስካሁን አልመጣም።»

ጉልበታቸውን ሳምሁ። እኔ ራሴ መካከሉን ረስቼው ነበር።