የጋቢናው አንጎል

ዘይነባ ጠቋሚ አልነበረችም። ሰፈሩ ዕድሜዋን ሙሉ ጠቋሚ ሲላት ኖረ፤ ባለፈው ክረምት ሐርቡ ከተማ ስትቀበርም ከለቀስተኛው መሃል ይህንኑ ቃል ያንሾካሾከ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በደል ነው፤ ይጻፍልኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ስልክ ነው። ኮምቦልቻ ቤቴ ሶፋው ላይ ተጋድማ ፊልም ታያለች፤ ፊልሙ ነጂ ስለሌላት፣ በራሷ አንጎል እያሰበች ሰማይ ለሰማይ ስለምትሄድ መንኮራኩር ነው። "እማማ፣ ይሄ አንጎል እኮ መዋሸት አይችልም" አለችኝ። እኔ ይህን እናቷ ሳትወለድ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ደሴ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው ጋራዥ ግቢ፣ ጎማና ሞተር የሌለው የጭነት መኪና ጋቢና ወድቆ ነበር፤ ቀለሙ እየተላጠ ጣት ላይ የሚቀር፣ ውስጡ ናፍጣና የድመት ሽንት የሚሸት። ታላቅ ወንድሜ ሁሴን ተማሪ ቤት ካነበበው ቆንጥሮ መንኮራኩር ነው አለንና አመንነው። አንጎሏ የጎረቤታችን ልጅ ዘይነባ ነበረች፤ ከሁላችንም ትንሿ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ። ከመቀመጫው ሥር ትገባለች፤ በሩን አንኳኩቶ "አንጎል ሆይ" ብሎ ለጠየቀ፣ ማንም ይሁን ማን፣ እውነቱን ትመልሳለች። ከዋሸች መንኮራኩሯ ትወድቃለች፣ እኛም እናልቃለን። ሕጉን ያወጣው ሁሴን ነው። አንድ ቀን መካኒኩ አንኳኩቶ "አንጎል ሆይ፣ ዳቦዬን ማን በላው?" ቢላት፣ ከመቀመጫው ሥር አፏ እንደሞላ "እኔ!" ስትል ግቢው ሙሉ አውካካ። የቀበሌው ጥበቃም አብሮን ይስቅ ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ የቀይ ሽብር ጊዜ መጣና ሁሴን ይፈለግ ጀመር። ቦሩ ሜዳ አክስታችን ዘንድ ተደበቀ። እናቴ እኛን ልጆቹን ሰብስባ "የጠየቃችሁ ሁሉ ቢጠይቃችሁ አታውቁም፤ ወላሂ፣ ምላሳችሁን እቆርጠዋለሁ" አለችን። ዘይነባም ከኛው ጋር ቆማ ሰምታለች።

ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ የመጣው ጋቢናው ውስጥ ተጨናንቀን ሳለን ነው። እኛን ዞር ብሎም አላየን። በሩን በጣቱ፣ ቀስ አድርጎ፣ እንደ ጨዋታ አንኳኳው።

"አንጎል ሆይ፣ ሁሴን የት ነው?"

ከመቀመጫው ሥር ቀጭን ድምፅ "ቦሩ ሜዳ፣ አክስቱ ጎተራ" አለ። እሱ ከሄደ በኋላ ዘይነባ እየዳኸች ወጥታ አንድ በአንድ ፊታችንን ዳሰሰችና "አልወደቅንም አይደል?" አለችን።

የሁሴንን ሬሳ እንኳ አላገኘንም። እናቴ ያቺን ሕፃን ሰላምታ ነሥታት፣ እንደነሣቻት ሞተች። ዘይነባ አድጋ ሐርቡ ገባች፤ ማንጎ ስትሸጥ እንኳ "ይሄኛው ውስጡ ተበላሽቷል፣ ተይው" የምትል ሴት ነበረች። ጋቢናው ተቆራርጦ ለብረት ተሸጧል፤ ግቢው ላይ ፎቅ ቆሟል። ወንድሜ መቃብር የለውም፤ የእሷ መቃብር ላይ ደግሞ ስድብ ተቀምጧል።

ከቀብሯ መልስ ደሴ ወጣሁ። ጥበቃው በሕይወት አለ፤ በልጁ ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የሙስበሃ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። እስከዚያ ቀን ታላቄን "አንተ" ብዬ አላውቅም።

"የሁሴን እህት ነኝ። ጋቢናው ውስጥ ስንት ልጅ እያለን፣ ለምን ያቺን ሕፃን ጠየቅክ?"

የሐዘን ጨርቄን አየ፣ ፊቴን አየ። ጣቱ ሙስበሃው ላይ ቆመ።

"እናንተማ ትዋሹኝ ነበር" አለኝ።