እንቅልፍ ያጣችው የየኔታ ልጅ

ስርጉት ሰነፍ ተማሪ ብትሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይደርስባትም ነበር። ሰነፍ ተማሪ የፈተና ዋዜማ ለጥ ብሎ ይተኛል። እርሷ ግን የቢቸናው የቅኔ መምህር የየኔታ ገብረ ሕይወት ልጅ ናት፤ ስንፍናን ከየት ትማረው? ያደገችው በአባቷ ግቢ ጎጆ ቀልሰው ከሚማሩት ልጆች መካከል ነው። አባቷንም እንደ እነርሱ «የኔታ» እያለች ነው የምትጠራቸው።

አዋላጅ ነርስ ናት። ሞጣ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ በዲፕሎማ እየሠራች፣ ቅዳሜና እሁድ ሞጣ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ስትከታተል ቆይታ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደርሳለች። የቀሯት አራት ፈተናዎች ብቻ ናቸው፤ አራቱም ከሰኞ እስከ ሐሙስ በተከታታይ ተደርድረዋል። በአንዱ ከወደቀች ዓመቱን መድገም አለባት። አለቃዋ ደግሞ ለሌላ ዓመት ፈቃድ እንደማይሰጣት ቁርጡን ነግሯታል።

ስለዚህ እንቅልፍን ልታባርረው ቆርጣ ተነሣች። ዘዴውን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። የአባቷ ተማሪዎች እንቅልፍ ሲጫናቸው ጋደም አይሉም፤ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፣ እግራቸውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ የዕለቱን ቀለም ያጠናሉ። ስርጉትም በተከራየቻት አንዲት ክፍል ፍራሿን ጠቅልላ አቆመችው፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋንም ውኃ ሞላችው። አከራይዋ እትዬ ፀሐይነሽ በመስኮት አይተው እግሯ ያበጠ መስሏቸው፣ ገብተው ሳፋው ላይ እፍኝ ጨው በትነውላት ወጡ።

ዘዴው ሠራ፤ እንዲያውም ከልኩ አለፈ። እንቅልፍ ተቀየማት። እሁድ ማታ «አሁን ይበቃኛል» ብላ ፍራሿን ስትዘረጋ ዓይኗ አልከደን አለ። ስለ ምጥ ያነበበችው ስለ ደም ግፊት ካነበበችው ጋር ጭንቅላቷ ውስጥ ሲጋፋ አደረ። የሰኞውን ፈተና በተረፈ ጉልበቷ ተወጣችው። ማክሰኞ ግን ለሦስተኛው ጥያቄ የአራተኛውን መልስ ጽፋ ወጣች፤ ነገሩ የገባትም ባጃጅ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ቤቷ ገብታ መስኮቱን በነጠላ ጋርዳ በጠራራ ፀሐይ ለመተኛት ሞከረች። አልሆነም። በዚህ ሁኔታ የረቡዑን ፈተና እንደምትወድቅ አወቀችና አለቀሰች፤ ከዚያ ቢቸና ደወለች።

«የኔታ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብላ የሳፋውን ነገር ሳይቀር ነገረቻቸው።

የኔታ ሳቁ። ሳቅ ብዙም አይቀናቸውም። «ለመሆኑ ያጠናሽውን ማን ሰማሽ?» አሏት።

«ማንም አልሰማኝ። ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«የኔ ተማሪዎች ሲመሽ ምን ያደርጋሉ?»

መልሱን ለመናገር እንኳ አፈረች። ተማሪው የያዘውን ቀለም ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ አድምጦ ያሰናብተዋል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ጭንቀት የለበትም፣ እንደ ሕፃን ይተኛል። ስርጉት ከአባቷ ቤት ድካሙን ብቻ ይዛ ሄዳ ማሰማቱን ረስታው ነበር።

«በይ አሰሚኝ» አሉ የኔታ።

«የኔታ፣ የነገው እኮ የሴት ጉዳይ ነው። ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም ነው። ለእርስዎ እንዴት ብዬ እናገረዋለሁ?»

«እኔንስ ሴት አይደለችም እንዴ የወለደችኝ? ቀጥይ።»

መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ እየቆየች ስትሄድ ድምፅዋ ወጣ። የኔታ ግማሹም የገባቸው አይመስልም፤ ነገር ግን ስትደናቀፍ አላጣደፏትም፤ እስክታስታውሰው ጠበቋት። ስትጨርስ «ደግ፤ ሰምቼሻለሁ። ከእንግዲህ ጭንቀቱ የእኔ ነው፤ ሂጂ ተኚ» አሏት። ተኛች፤ በማግስቱም ፈተናው ላይ ብዕሯ አልቆመም።

ረቡዕ ከሰዓት የመጨረሻውን ትምህርት ከልሳ እንደ ጨረሰች ደወለች። የየኔታ ስልክ ዝግ ነው። ደግማ ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ወደ ግቢው ስትወጣ እትዬ ፀሐይነሽ ለገበያ የሚያወጡትን ጤፍ ይነፋሉ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይሰሙኛል?»

እትዬ ፀሐይነሽ እንደ የኔታ ዝም ብሎ መስማት የሚባል ነገር አያውቁም። ወንፊቱን እያንቀሳቀሱ በየመሐሉ «እሱስ ለምን ይሆናል?» እያሉ አላስወጣ አላስገባ አሏት። ስርጉትም ለእርሳቸው ስታስረዳ ለራሷ ጠራላት። አንዱን ግን ማስረዳት አቅቷት መጽሐፉን ገልጣ አየችው። ስትጨርስ እትዬ ፀሐይነሽ ምን ብለው እንደሚያሰናብቷት ጨነቃቸው።

«እኔ ምኑን አውቄው፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ ነፍሰ ጡሯ ልጄ ምጥ ሲይዛት ሌላ ሰው አላስጠራም፤ አንቺን ነው የማስጠራ።»

ስርጉት ይህን ሰምታ ገባች፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ተኛች።

ጠዋት በሯን ስትከፍት የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው የእትዬ ፀሐይነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሕልም መሰላት። ነገሩን የነገሯት እትዬ ፀሐይነሽ ናቸው። የየኔታ ስልክ ተበላሽቶ ኖሯል። እርሳቸውም «ልጄ የሚሰማት ካጣች ሳትተኛ ልታድር ነው» ብለው፣ ተማሪዎቻቸውን ለትልቁ ተማሪ አደራ ሰጥተው፣ ባገኙት መኪና ሞጣ ገቡ። ለወንድማቸው ሠርግ እንኳ ጉባኤ አጥፈው፣ ትምህርት አቋርጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። አመሻሽ ላይ ሰው እያጠያየቁ ቤቱን አገኙት። እትዬ ፀሐይነሽ ሊቀሰቅሷት ሲነሡ እጃቸውን ይዘው አስቀሯቸው።

«ተኝታለች ካልሽኝማ የመጣሁበት ጉዳይ አልቋል» አሉ።

ስርጉት ጉልበታቸውን ስማ አለቀሰች፤ የማክሰኞው ዓይነት ለቅሶ ግን አልነበረም። ከዚያ ፊቷን ታጥባ አባቷን አስከትላ ወደ ፈተናው ሄደች። የኔታ በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ስርጉት ወረቀቱ ሲታደል ወዲያው መጻፍ ጀመረች። አራቱንም አለፈች፤ የማክሰኞውን ለጥቂት።