ሜዳው ላይ ያወጣሁት መስመር

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ኦቶና አካባቢ አንድ አስተማሪ ያሠሩት ቤት ውስጥ ነው። አለቃዬ ጋሽ ወልዴ ጉራጌ ናቸው፤ ሶዶ ላይ በሊሾ ሥራ የሚስተካከላቸው አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ቱምቢም ውሃ ልክም አላስነኩኝም። «አንተ ውሃ አመላልስ፤ ዓይንህን ግን እጄ ላይ አድርግ» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ አየሁ። አሸዋውን ነፍተው ከሲሚንቶ ጋር ያቦካሉ፣ ወለሉን ይደለድላሉ፣ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሰው እስኪያብለጨልጭ ያሹታል። መጨረሻ ላይ ሳይደርቅ ሲባጎ ወጥረው በሚስማር መስመር ያወጡበታል። አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሲሆን ሴራሚክ የተነጠፈ ይመስላል። «መስመር የሌለው ሊሾ ያላለቀ ሥራ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ከሶዶ እስከ ቢጠና ስንቱን ሳሎን አሰመርኩት!

ሃያ ዓመት ያህል አለፈ፤ እኔም ዋና ግንበኛ ተባልኩ። ባለ ጎማ ጣውላ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱት፣ የስኬትቦርድ ልጆች የመጡት ያኔ ነው። ስምንት ነበሩ፤ ቦርዱ ግን ሦስት ብቻ። እኔ የሠራሁት የአንድ ነጋዴ በረንዳ ላይ ተራ እየያዙ ሲንሸራተቱ፣ ሲዘሉ ይውላሉ። ሥራ ፈቶች ብያቸው ነበር።

በችሎታ ከሁሉም የምትበልጠው አማረች የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆኑት አባቷ አይሆንም ብለዋት፣ ስትለምን ስትለምን «እሺ፣ ሰው ፊት ተወዳድረሽ አሳዪኝ። ጨዋታ ብቻ ከሆነ ግን ያን ቀን ያበቃል» አሏት።

የከተማው ሰዎች ኮሚቴ አቋቁመው ለልጆቹ መንሸራተቻ ሜዳ ሊያሠሩ ተነሡ። የሀዋሳ ልጆች ይመጣሉ፣ ውድድር ይደረጋል ተባለ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። አማረች ቦርዷን ይዛ መጥታ ገልብጣ ጎማውን አሳየችኝ። ከሎሚ አይበልጥም።

«ጋሼ፣ ይሄ ትንሽ ጠጠር ካገኘው ቀጥ ይላል። እኔ ደግሞ አልቆምም፣ እበራለሁ» ብላ ሳቀች። «ልስልስ ይሁንልን። መስመር ምናምን እንዳያወጡበት።»

«እሺ የኔ ልጅ» አልኳት።

ቃሌንም ጠብቄ ነበር። አርማታውን ሞላን፣ መንደርደሪያውን ተዳፋት አወጣንለት፣ ሊሾውን ጨረስን። የኮሚቴው ሰብሳቢ መጥተው ዞር ዞር ብለው አዩና «መስመሩስ? ሥራው አላለቀም እንዴ?» አሉ።

«ልጆቹ አይፈልጉትም።»

«ርክክቡን የምፈርመው እኔ ነኝ ወይስ ልጆቹ? እንግዳ ይመጣል እኮ! ልክ እንደ እኔ ሳሎን አድርግልኝ።»

ሊሾው ገና እርጥብ ነበር። ሲባጎ ወጠርኩ። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ከሩቅ እንዲታይ ብዬ ሚስማሩን ትቼ በወፍራም ፌሮ አሰመርኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ እያለኝ ነው ያሰመርኩት። ሥራዬ ዓይን እንዲገባ እኔም ፈልጌ ነበር።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው አማረች መጣች። አልጮኸችም። እንባዋን እየዋጠች «ጋሼ፣ ሲሚንቶ በጥብጠው መስመሩን ይሙሉልን፤ እኛ እናግዛለን። አባቴ ይመጣሉ» አለችኝ። ከግማሽ ቀን በላይ የማይፈጅ ሥራ ነበር፤ የተረፈ ሲሚንቶም ቤቴ ነበረኝ። እኔ ግን «ርክክብ ተፈርሟል። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ብነካው የምጠየቀው እኔ ነኝ» አልኳት።

«እሺ፣ ሰብሳቢውን ያስፈቅዱልን።»

አስፈቅዳለሁ አልኩ። አልሄድኩም። ሰውዬውን ላለማስቀየም ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የውድድሩ ዕለት ድምፅ ማጉያ ተተከለ፣ ሜዳው ዙሪያ ሰው ግጥም አለ። አማረች መስመሩን እየዘለለች ሁለት ዙር የሀዋሳን ልጆች በለጠቻቸው። መጀመሪያ አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት አባቷ ሲያጨበጭቡ በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛው ዙር ከተዳፋቱ ወርዳ ዘልላ ስታርፍ የፊት ጎማው መስመሩ ውስጥ ገባ። ቦርዱ ቀጥ አለ፤ እሷ በክንዷ ወደቀች። ሲሰበር ድምፁ ተሰማኝ። እኔን! ያን ጊዜ ማለት የቻልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። አባቷ በወላይትኛ እየጮኹ አንስተው ወሰዷት።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበና ሰብሳቢው «ስፖርቱ አደገኛ ነው» ብለው ሜዳው እንዲዘጋ አስወሰኑ። እኔም ተጠርቼ እዚያው ቁጭ ብያለሁ። አፌን ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆይ በቆሎ ይሰጣበት ጀመር።

ከዓመታት በኋላ ጉኑኖ አንድ ትምህርት ቤት ልጠግን ሄጄ አገኘኋት። አስተማሪ ሆናለች፤ ክንዷ እስከ ዛሬ አይዘረጋም። ሰላም ብላ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ ያ መስመር እንደሚጥለኝ ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

«አባቴ ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱ የእኔ ይመስላቸዋል» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

አሁን ወጣት ግንበኞች ከሥራው ምን ተማርክ ይሉኛል። ወለል የሚሠራው ለሚሄድበት ሰው ነው። እኔ ለሚፈርመው ሠራሁ።