እነ አባባ ቤት

መጋቢት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተኩል፣ አንዲት ልብስ ተኳሽ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ተናግራ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀመጠች። ስሟ በመዝገቡ ላይ በሦስት ዐይነት አጻጻፍ ይገኛል፤ ሦስቱም ስሕተት ስለሆኑ እዚህ አልደግማቸውም። የሥራ ጓደኛዋ «ተኳሿ» ትላታለች፤ እኔም እንዲሁ እላታለሁ።

ሥራዋ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ነበር። ሕሙማን የተኙባቸው አንሶላዎች በጋሪ ወርደው፣ በበረኪና ታጥበው፣ በትልቁ ማድረቂያ ከደረቁ በኋላ ወደ አጣፊዎቹ ይሄዳሉ፤ የሐኪሞቹና የነርሶቹ ጋውን ደግሞ ወደ ተኳሿ ይመጣል። በዚያ እንፋሎት ውስጥ ከስምንት አገር የመጡ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ይሠሩ ነበር። በየደረታቸው ስም የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቷል። ጨርቁ ለረጅም ስም ስለማይበቃ አለቃቸው የሁሉንም ስም አሳጥሮታል። በክፋት አላደረገውም። ይሁን እንጂ በየቀኑ በግማሽ ስሙ የሚጠራ ሰው ውሎ አድሮ ግማሽ ሰው የሆነ ይመስለዋል።

ከእነዚያ ሴቶች መካከል የአገሯ ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርሷም አንሶላ አጣፊ ናት። አፏ የማያርፍ ሴት ስትሆን፣ በየማለዳው ተኳሿ በበሩ ስትገባ ጎንበስ ብላ፣ «ተኳሿ መጣች! እንዳትመታችሁ ዝቅ በሉ!» እያለች ትጮኻለች። ቀልዱ የሚገባው ለሁለቱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን ስትጎነበስ እያዩ አብረው ይስቃሉ።

ተኳሿ በዚያ አገር ሰባት ዓመት ስትኖር አንድ ነገር ብቻ ፈልጋለች፤ አባቷን ማምጣት። አባቷ ሰዓት ሠሪ ናቸው። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ባለ መስተዋት ሣጥን አስቀምጠው፣ አጉሊ መነጽር በዐይናቸው ቆንጥጠው የሰው ሰዓት ሲጠግኑ አርባ ዓመት ሞልቷቸዋል። መኖሪያቸው ከሱቁ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ መወጣጫዋም መደገፊያ የሌለው የደንጊያ ደረጃ ነው። ሚስታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ከእርሷ በቀር ልጅ የላቸውም። አሁን ደግሞ ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል።

«አባባ፣ ዐይንዎ እንዴት ነው?» ትላቸዋለች በየእሑዱ በስልክ።

«ምን ይሆናል ልጄ? የሰው ሰዓት እሠራለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን መንገደኛ እጠይቃለሁ።»

አባቷን በዘመኗ ሁሉ «አንተ» ብላ አታውቅም። በሌሉበትም ስማቸውን ስታነሣ «እርሳቸው» ትላለች። ያደገችው እንዲህ ነው፤ አስተዳደጓም የሚያስመሰግናት እንጂ የሚያስነቅፋት አይደለም።

የዚያ አገር ሕግ ያረጀ ወላጅ ልጁን ተከትሎ እንዲገባ የሚፈቅደው ባለበት ቦታ አብሮት የሚኖር ሰው ከሌለ ብቻ ነው። የዚያ ሐሙስ ጥያቄና መልስ የተደረገውም ይህን ለማጣራት ነበር። በክፍሉ ውስጥ ጠያቂው ሹም፣ መቅረጫ መሣሪያና አንዲት አስተርጓሚ ነበሩ። አስተርጓሚዋ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ገና በእቅፍ ሳለች ወደዚያ አገር ይዘዋት ስለገቡ፣ አማርኛን የተማረችው በማእድ ቤትና በመኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው።

«አባትሽ ከማን ጋር ነው የሚኖረው?» ስትል ጠየቀቻት።

«እነ አባባ ቤት ሌላ ሰው የለም። ብቻቸውን ናቸው።»

አስተርጓሚዋ ይህን በነጠላ ቁጥር ተረጎመችው። ቀጥላም፣ «ምግብ ማን ነው የሚሠራለት?» አለች።

ተኳሿ ፊቷ ቀላ። «እኅቴ፣ እኔን አንቺ ብትይኝ ግድ የለኝም። አባቴን ግን «የሚሠራላቸው» በይ፤ «የሚሠራለት» አይባልም።»

«ይቅርታ። የሚሠራላቸው።»

«እንደሱ። ራሳቸው ናቸው የሚያበስሉት፤ ዐይናቸው ግን ደክሟል።»

አስተርጓሚዋ ወደ ሹሙ ዞር ብላ በዚያ አገር ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። ሹሙም ጻፈ። ተኳሿ እርማቷ በመዝገብ መግባቱን አላወቀችም። እንዲያውም የአባቷን ክብር ስላስጠበቀች ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በሐምሌ ወር ማመልከቻዋ ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። ጠበቃዋ ከጫማ መደብር በላይ በምትገኝ ቢሮዋ ውስጥ ቀስ እያለች አነበበችላት፤ ትርጉሙም የሚከተለው ነው፦ «አመልካቿ አባቷን በመጀመሪያ በነጠላ ከጠቀሰች በኋላ፣ በራሷ ጥያቄ 'እርሱ' የሚለው 'እነርሱ' በሚለው እንዲታረም አድርጋለች። ስለዚህ አባትየው ቢያንስ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ይኖራል። አመልካቿም ይህን ልትደብቅ ሞክራለች።»

«እርማት?» አለች ተኳሿ። «እኔ ያረምኩት…» ብላ ሳትጨርስ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። አፏን በእጇ ያዘች።

እውነቱን ሳልሸሽ ልናገር። ተኳሿ ልጅቷን ያረመቻት በትክክል ነው። በቋንቋችን አንድን የተከበረ ሰውና ብዙ ሰዎችን በአንድ ዐይነት ግስ እንጠራለን፤ «ይኖራሉ» ስንል አንድ አዛውንት ወይም አንድ መንደር ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው የሰሚው አስተዳደግ ነው። አንድ ጥፋት ቢኖርባት «እነ» ማለቷ ነው። «እነ» በሰው ስም ፊት ሲገባ ያንን ሰው ከነቤተ ሰቡ ያጠቃልላል። እናቷ በሕይወት ሳሉ ቤቱ «እነ አባባ ቤት» ነበር። እርሳቸው ካረፉም በኋላ «እነ» ከአንደበቷ አልወጣም። የሞቱብን ሰዎች ከመቃብራቸው ይልቅ በሰዋስዋችን ውስጥ ረጅም ዘመን ይኖራሉ።

ተኳሿ ይግባኝ አለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላም፣ በምሳ ዕረፍት ሰዓት፣ አስተርጓሚዋ በልብስ ማጠቢያው የጓሮ በር መጥታ ቆመች። ነገሩን የሰማችው ከተኳሿ ጠበቃ ነው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ታውቂኛለሽ… ታውቂኛለሽ ነው ወይስ ያውቁኛል ነው የሚባለው?»

አጣፊዋ ከበሩ ኋላ ሆና፣ «እናንተ ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁ? አንድ ነሽ ወይስ ብዙ?» አለች።

«ተያት እስቲ አንቺ ደግሞ!» አለች ተኳሿ። ወደ ልጅቷም ዞር ብላ፣ «ግራ ሲገባሽ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለቻት።

ልጅቷ ዐይኗ እንባ ሞላ። «አፈርኩ። አንዴ አርመሽኛል፤ ድጋሚ ብጠይቅሽ አማርኛ አትችልም ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እዚህ አገር «የመጣሽው ከየት ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ የአገሬ ሰው ደግሞ ስናገር ሰምቶ ይስቅብኛል። እኛ ቤት አባቴም «አንተ» ነው፣ አያቴም በስልክ «አንቺ» ናት። «እሳቸው» የሚባል ሰው ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ስታርሚኝ ሰዎቹ ብዙ ናቸው ያልሽኝ ነው የመሰለኝ።»

ተኳሿ ልትቆጣ ፈልጋ አልቻለችም። ልጅቷ ስሕተቷን የሚያምን ደብዳቤ ጽፋ ፈረመች፤ በዚህም ምክንያት መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ዓመት ሥራ አልሰጣትም። የይግባኙ ዳኞች ግን ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም ብለው፣ አመልካቿ በሌላ አስተርጓሚ በኩል እንደ አዲስ ቃሏን እንድትሰጥ ጥቅምት 2003ን ቀጠሩ። አዲሱ አስተርጓሚ በስልክ የሚሠራ ነበርና ማን እንደሆነ፣ አማርኛውንም የት እንዳሳደገው የሚያውቅ አልነበረም።

«ሁለት ትርጉም የሌለውን ቃል ተጠቀሚ» ስትል ጠበቃዋ አስጠነቀቀቻት። «አንድ ሰው ብቻ የሚያመለክተውን።»

ያ ቃል «እሱ» ነው።

አጣፊዋ ልምምዱን በእንፋሎቱ መካከል ጀመረችው። «በይ፤ አባቴ ብቻውን ነው የሚኖረው።»

«አባቴ ብቻ… ቸውን…»

«ውን!»

«አልወጣ አለኝ እኮ!»

«ካውያውን ላስጠጋልሽ?»

ሁለቱም ሳቁ፤ ተኳሿ ግን ሳቋን ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። በዚያው ሳምንት እሑድ አባቷ ዘንድ ደወለች።

«አባባ፣ አንድ የማስፈቅድዎ ነገር አለ። ዳኞቹ ፊት እርስዎን… «እሱ» ብዬ መጥራት አለብኝ።»

አባቷ ሳቅ አሉ። «ድምፅሽ እንዲህ የጠፋው ለዚህ ነው? እኔን እናቴ «እሱ» እያለች አይደል ያሳደገችኝ? ጥሪኝ በይ። ስመጣ «እሳቸው»ን ትመልሽልኛለሽ።»

«እመልስልዎታለሁ፣ አባባ።»

«አደራ እንግዲህ።»

በቀጠሮው ቀን ጥያቄው ከጠረጴዛው መካከል ከተቀመጠው ስልክ ውስጥ መጣ፤ የማታውቀው ወንድ ድምፅ ነበር። «አባትሽ ከማን ጋር ነው የሚኖረው?»

«ብቻውን። አባቴ ብቻውን ነው የሚኖረው። ራሱ ነው የሚያበስለው። ዐይኑ አያይለትም። ደረጃውን ግድግዳ እየዳበሰ ነው የሚወርደው። እሱ… ከእኔ ሌላ ሰው የለውም።»

እያንዳንዱን ቃል ጥርስ እንደሚነቀል ሰው እየታገለች አወጣችው። ዳኞቹ ስሜቷ የተናወጠው ስለ አባቷ ስላዘነች መሰላቸው። ስትወጣ በኮሪደሩ ያለውን ቧንቧ ከፍታ ደጋግማ ተጉመጠመጠች።

ውሳኔው እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ጠበቀች። ኅዳር 12፣ እሑድ፣ እንደ ልማዷ ደወለች፤ ስልኩ አልተነሣም። አሸልበው ይሆናል ብላ ተወችው። ሰኞም ደወለች። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ስልኳ ጮኸ፤ የደወለው አባቷ በበረንዳው ላይ የሚሠሩበት ሱቅ ባለቤት ነው።

«በርቺ፣ የኔ ልጅ። አባትሽ ዐርፈዋል።»

የመስተዋቱ ሣጥን ሁለት ቀን ሳይከፈት ሲቀር ሰውየው ጠርጥሮ ወደ ላይ ወጣ። ከበሩ ሥር ወድቀው አገኛቸው። ሐኪሙ የሞቱት እሑድ ጠዋት ሳይሆን አይቀርም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አልደረሰላቸውም። መሥሪያ ቤቱ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ሲመረምር የቆየው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ፤ ሰዓት ሠሪው ብቻቸውን ነበሩ።

ውሳኔው ኅዳር 21 ቀን ተጽፎ ደረሰ። ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። አባትየው እንዲገባ ተፈቅዶለታል ይላል። ከዳር እስከ ዳር በነጠላ ቁጥር የተጻፈ፣ እንከን የማይወጣለት ደብዳቤ ነበር።

ተኳሿ ደብዳቤውን ይዛ ያችኑ ልጅ አስጠራቻት። «ወደ አማርኛ መልሺልኝ» አለቻት።

«ለምን፣ እትዬ? አሁን እኮ…»

«መመለስ ያለብኝ ነገር አለ። ቃል ገብቻለሁ።»

ልጅቷ በምግብ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሳ፣ ፊደሎቹን እንደሚሥል ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፈች። «ተፈቅዶ…» ካለች በኋላ ብዕሯን አነሣች። «አሁን ልጠይቅሽ። አንድ ናቸው፤ ግን እንደ ብዙ ነው የምጽፋቸው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ተፈቅዶላቸዋል» ብላ ጻፈች። ተኳሿ ወረቀቱን ተቀብላ ድምፅ ሳታሰማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያም አንድ የተሳሳተ ፊደል አርማ አጠፈችው፤ የአባቷ አጉሊ መነጽር በፖስታ ሲደርሳትም ከእርሱ ጋር አስቀመጠችው። አጉሊ መነጽሩ የአባቷ ዐይን ካረፈበት ጎን በኩል ተልጧል።

ብዙ ሰው እንዲህ ካለ ነገር በኋላ ቋንቋውን ይጠላል፤ ወይም ለልጆቹ ከማስተማር ይቦዝናል። እርሷ ግን እንዲያ አላደረገችም። ያችን ልጅ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ እያስቀመጠች አማርኛ አስተማረቻት፤ ስትሳሳትም ትቆጣታለች። «እነ አባባ ቤት» የሚለውን ግን ከዚያ ወዲህ ከአፏ የሰማ ሰው የለም።

ሁለቱ በጋራ ለመሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም፤ ሦስተኛው ግን ሰሚ አገኘ። ዛሬ በዚያ መሥሪያ ቤት የአስተርጓሚዎች መመሪያ፣ በዐሥራ አራተኛው ገጽ፣ «በዚህ ቋንቋ አንድ የተከበረ ሰውና ብዙ ሰዎች በአንድ ዐይነት ግስ ይጠራሉ፤ አስተርጓሚው ቁጥሩን ሳይጠይቅ አይለፍ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያስጻፈችው ልብስ ተኳሿ ናት።