ከዝርዝሩ ያወጣሁት ኮሌጅ

ክልላችን ተከፋፍሎ አዳዲስ ክልሎች ሲመሠረቱ፣ ለዓመታት የቆየው የኮሌጆች ውድድርም አብሮ ፈረሰ። ያኔ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ አሰልጣኝ ነበርኩ። ውድድሩን እንደገና የሚያደራጅ ኮሚቴ ሲቋቋም፣ ማን ከማን ጋር እንደሚመደብ ረቂቁን አንቺ ሥሪው ተባልኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሳልታዘዝም በልቤ ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው። ከልምምድ በኋላ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ደብተሬ ላይ ኮሌጅ እደረድር ነበር። ከአዲስ አበባ ሁለት፣ ከአዳማ አንድ፣ ከጅማ አንድ። ልጆቼ ትልልቅ አዳራሽ ውስጥ ሲጫወቱ፣ ካሜራ ሲከተላቸው ይታየኛል። ትልልቆቹ እንዲመጡልን ግን ውድድሩ ደረጃ ያለው መምሰል አለበት ብዬ፣ ከነባሮቹ መካከል ተራራ ላይ ያለውን ትንሽ የመምህራን ኮሌጅ ሰረዝኩት። ሜዳው ድንጋያማ ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ሰርዢ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

የዚያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ዝናብ መንገዱን ዘግቶብን እዚያው ስናድር፣ ተማሪዎቻቸው ፍራሻቸውን ለልጆቼ ለቀው ሲሚንቶ ላይ ተኝተዋል።

ስብሰባው መሃል ከተማ ነበር። ነባር ተወዳዳሪ ሁሉ ስለተጠራ እሳቸውም ከረባት አስረው መጡ። ሁለት ተጫዋቾቼ ፕሮጀክተሩን ሊያግዙኝ ከኋላ ተቀምጠዋል። ረቂቁ ግድግዳው ላይ ሲበራ ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡ፤ እንደገናም ከላይ ጀመሩ። ከዚያ እጃቸውን አወጡ።

«የእኛ ስም የተዘለለ ይመስለኛል።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ።

«ኮሚቴው አጥንቶ የወሰነው ነው» አልኩ። ኮሚቴው ረቂቁን ያየው ገና ያን ዕለት ነበር። አባላቱ ግን ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ።

«እሺ ልጄ። ከተጠና ጥሩ ነው» ብለው ተቀመጡ።

በሻይ ሰዓት እንዳላገኛቸው መጸዳጃ ቤት ተደብቄ ቆየሁ። ስወጣ ሄደዋል።

ከተመኘኋቸው ትልልቅ ኮሌጆች አንዱም አልመጣም። ውድድሩን በቀሩት ጀመርነው። ከወራት በኋላ፣ ሲከብደኝ፣ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ዋሽቻለሁ። የሰረዝኳችሁ እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ልጆችሽ ከኋላ ተቀምጠው አልነበር? በተማሪዎችሽ ፊት ምን ልበልሽ?»

እሳቸው ቀጠሉ፦ «እኔስ ግድ የለኝም። ልጆቹ ለምን ቀረን ሲሉኝ፣ ሜዳችን ለውድድር ስላልበቃ ነው አልኳቸው። ይኸው ድንጋይ እየለቀሙ ነው።»

በማግስቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጠቅሼ፣ ኮሌጁ እንዲመለስ ለኮሚቴው ጻፍኩ። መርሐ ግብሩ ወጥቷል፣ ለከርሞ ይታያል አሉኝ።

ቅዳሜ ተሳፍሬ ወደ ተራራው ኮሌጅ ወጣሁ። ተጫዋቾቻቸው ሜዳው ላይ ጎንበስ ብለው በማዳበሪያ ከረጢት ጠጠር ይሰበስባሉ። አንዷ አወቀችኝና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሮጣ መጣች።

«አሰልጣኝ፣ ሜዳውን ሊያዩልን ነው የመጡት?»

ለእሷ እንኳ እውነቱን መናገር አቃተኝ።

«አዎ» አልኳት።