ሥራ ፈት ያድርግዎት

የሚኒሶታን የበረዶ መንሸራተቻ ኮረብታ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄ መጣ። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ጉብታ ኮረብታ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ፍየል ሮጣ የምትወጣው ነው። ልጄ እግሯን የሰበረችው ግን እዚያው ላይ ነው።

ጊዜው የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ከትምህርት ቤቷ ልጆች ጋር ስኪ ልሂድ ስትል እናቷ እምቢ አለች፤ እኔ «ልጅ ናት፣ ትሂድ» አልኩ። ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ስልኩ የደረሰኝ ኤርፖርት ታክሲዬን አሰልፌ ተራ ስጠብቅ ነበር። እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም።

ስደርስ ልጄ ከኮረብታው ግርጌ ባለው የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል ተጋድማለች። አጠገቧ ጀርባው ላይ ነጭ መስቀል ያለበት ቀይ ጃኬት የለበሱ አዛውንት ተንበርክከዋል። እግሯን አስረው፣ የራሳቸውን ጓንት አጥልቀውላት፣ በሚጎተት ቃሬዛ አስተኝተው በስኪያቸው እየተንሸራተቱ ያወረዷት እሳቸው ናቸው። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጇን አልለቀቁም። ያስቋት ነበር። የተሰበረ እግር ይዛ ትስቃለች! ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ስኪ ፓትሮል ይባላሉ። ኮረብታው ሳይከፈት ቀድመው ወጥተው መንገዱን ይፈትሻሉ፤ ሲዘጋም የቀረ ሰው እንዳይኖር እየተጣሩ መጨረሻ የሚወርዱት እነሱ ናቸው። አዛውንቱም ሆኑ አብዛኞቹ ጓደኞቻቸው ደሞዝ የላቸውም። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «ያለ ደሞዝ? በዚህ ብርድ? ማን ይሙት!» አለች።

ጄሶው እንደወለቀ ልጄ መመለስ አማራት። እናቷ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባት። «ሁለተኛ በረዶ ላይ አትወጪም፣ አበቃ!» አለች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ራት ላይ አንገቷን ደፍታ በልታ መነሣት ብቻ ሆነ። ሁለቱም አሳዘኑኝ።

በረዶው ቀልጦ ምድሩ ጭቃ ሲሆን ለነባሮቹ ፓትሮሎች የምስጋና ዝግጅት ተደረገ፤ የአዛውንቱ ባልደረቦች እኛንም ጠሩን። ባለቤቴ «ምስጋናስ አይቀርም» ብላ ነጠላዋን ደርባ መጣች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ላገለገሉት ለእኚያ ሰው ስማቸው የተቀረጸበት እንጨት ሰጧቸው፣ ተጨበጨበ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይኼው ነው? የሚመርቅ የለም?» አለችኝ። ልይዛት ስል ተነሥታለች።

ልጃችንን ለአስተርጓሚነት አጠገቧ አቁማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ጀመረች።

«እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጉልበትዎን ያጽናልዎት። ልጄን እንዳነሡ ልጆችዎን ያንሣልዎት።»

በየመሐሉ ሰዉ ያጨበጭባል፤ እኔ ብቻዬን «አሜን» እላለሁ። ይኼኔ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እግዚአብሔር ሥራ ፈት ያድርግዎት! ቃሬዛዎ ላይ ሸረሪት ያድራበት!»

ልጄ ደነገጠች። «ማሚ፣ አይ ካንት ሴይ ዛት!»

«አንዲት ቃል ሳታስቀሪ ንገሪያቸው!»

ነገረቻቸው። ጭብጨባው ቆመ። የእኛ ሰው ቢሆን አሜኑ ጣራ ይነቅል ነበር፤ የወደቀ ለሚያነሣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመረቃል? አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና ገባቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አሜን» አሉ፣ ከእኔ ሰምተው ነው። ከዚያ ወደ ልጄ ዘንበል ብለው ብዙ ተናገሩ።

ልጄ ወደ እናቷ ዞራ ተረጎመች። «ሥራ ፈት እንድሆን ከፈለግሽ ልጅሽን ስጪኝ ይላል። እንዴት እንደሚወደቅ፣ እንዴት እንደሚቆም ላስተምራት ይላል። የሚችል ሰው ሲበዛ የሚሰበር ይቀንሳል ይላል።»

ባለቤቴ የልጇን እግር አየች፣ የሰውየውን እጅ አየች። ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷ እስከ ዛሬም አለቀቃትም።

«የሚያስተምሯት እሳቸው ራሳቸው ከሆኑ እሺ» አለች በመጨረሻ። «ራሳቸው ናቸው ወይ? ጠይቂልኝ።»

ልጄ መጠየቅ አቃታት፤ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። በታክሲ እንግሊዝኛዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።