ሁለት ካርታ ሲቀር

ከግቢያችን በር ላይ፣ ሥራ የሚጠብቁ ተመራቂ ልጆች ከሰዓት በኋላ ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ ሲበውዘው ያን ደረቅ ድምፅ ስሰማ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። አትሳቁብኝ። እኔ ካርታ ተጫውቼ አላውቅም፤ ካርታ ግን አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ ተጫውቶብኛል።

ከካምባ ወደ አርባ ምንጭ የመጣሁት አሥራ አንደኛ ክፍል ልማር ነበር። ያረፍኩት አክስቴ ዘንድ ነው፤ ካርታ የነካ እጅ ለጸሎት አይዘረጋም ከምትል ሴት ቤት። በገባሁ በሳምንቱ አንድ መምህር አስነስቶኝ ሁለት ቃል ስናገር ክፍሉ አውካካብኝ። አማርኛ የቤቴ ቋንቋ አልነበረም፣ ምላሴ ይደነቃቀፋል። ያን ዕለት ለራሴ ማልኩ፦ ደግመው ከሳቁብኝ ልብሴን ጠቅልዬ ካምባ እመለሳለሁ። አባቴ ደግሞ "ከተመለስሽ ሁለተኛ አልልክሽም" ብሎኛል።

የሒሳብ መምህራችን ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ከሰሜን የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ፕሮባቢሊቲ ሲጀምር አንድ እሽግ ካርታ ይዞ ገባ። እኛ አርባ ስምንት፣ ካርታው ሃምሳ ሁለት። አራቱን ንጉሦች አወጣና "እዚህ ክፍል ንጉሥ የለም" አለ። የቀረውን አድሎን፣ በየካርታው ላይ ስማችንን አስጽፎ መልሶ ሰበሰበው። ለኔ ባለ ቀይ ልብ ሰባት ደረሰኝ። በየክፍለ ጊዜው አንድ ካርታ ይመዛል፤ ስሙ የወጣ ሰሌዳው ጋ ቆሞ የትናንቱን ያስረዳል። የወጣ ካርታ አይመለስም። መንፈቁ እስኪያልቅ ሳይወጣ የቀረ ተረፈ።

እንዴት እፈራ እንደነበር ልንገራችሁ። ቆርቆሮው በሙቀት ቋ ቋ ይላል፣ የጠመኔው ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይንሳፈፋል፣ እሱ ይበውዛል። እኔ ጣቶቼን ዴስክ ስር ቆላልፌ እጸልያለሁ። የሌላ ሰው ስም ሲጠራ በሹክሹክታ "ጌታ ይባረክ" እላለሁ። የተጠራው ልጅ ላቡን እየጠረገ ይሄዳል፣ እኔ አመሰግናለሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጫኖ መንደር ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ልጅ ነበረች፤ ከተማው ውስጥ ያለችኝ አንድ ጓደኛ። ማንም የማያውቀውን የካምባውን መሐላ ለእሷ ነግሬያታለሁ። የወጡትን ካርታዎች ደብተሯ ጀርባ ላይ ትሰርዝ ነበር። አንድ ቀን ጌታ ይባረክ ስል ሰማችኝና በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

"አንቺ፣ ምኑ ነው ደስ የሚልሽ? መጀመሪያ ከአርባ ስምንት አንድ ነበርሽ። አሁን ከዘጠኝ አንድ ነሽ። ሌላው በወጣ ቁጥር ወደ አንቺ እየቀረበ እኮ ነው።"

ትምህርቱ መጀመሪያ የገባው ሆዴ ነው። ያን ሁሉ ቀን ያመሰገንኩበት ነገር ለካ መውጫ ሲያሳጣኝ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለኝ። አክስቴ ወባ መስሏት ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ ደሜን ቢያዩት ምንም የለበትም።

ስምንት ቀረ፣ አምስት ቀረ፣ ሦስት ቀረ። የመጨረሻው ቀን ሁለት ካርታ ብቻ ነበር፤ የኔ ቀይና የጓደኛዬ ጥቁር። የዚያን ዕለት የጸለይኩትን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። "ጌታ ሆይ፣ እሷ ትውጣ" ነው ያልኩት። ጎበዝ ናት፣ ምን ትሆናለች ብዬ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ስለ እሷ ግድም አልነበረኝ፤ ብቻ እኔ ልትረፍ።

መምህሩ ሁለቱን በውዞ አንዱን መዘዘና ለብቻው አየው። "ባለ ሰባቷ የመውጣት ዕድሏ ስንት ነው?" አለ።

ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ግማሽ" አለ።

"አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእጄ ያለው ቀይ ነው። አሁንስ?"

"አንድ" አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅኩትም።

"ነይና ለምን እንደሆነ አስረጂ።"

ተነስቼ ወደ ሰሌዳው ሄድኩ። ቀይ ነው ከተባለ ጥቁሩ ከሂሳቡ ወጥቷል፣ ከኔ ሌላ ሰው የለም፣ ስለዚህ ግማሽ የነበረው ሙሉ ሆነ አልኩ፣ እየተንተባተብኩ። ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። ግን ይገርማችኋል፣ ካምባ ትዝም አላለኝ፤ የጀመርኩትን ጨርሼ ተቀመጥኩ። ፍርሃት የሚበረታው ለካ ግማሽ ላይ ነው፤ አንድ ሲሆን የምጠብቀው ነገር አልነበረም።

ስንወጣ፣ ወደ ኩልፎ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጓደኛዬ እጄን ይዛ አለቀሰች።

"ሳምንቱን ሙሉ የኔ ካርታ እንዲወጣ ስጸልይ ነበር" አለችኝ። "ካምባ እንዳትመለሺብኝ ፈርቼ።"

ሁለታችንም የለመንነው ያንኑ ጥቁር ካርታ ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "አንቺስ ምን ብለሽ ጸለይሽ?" አለች።

"እንደ ፈቃድህ ይሁን ብዬ" አልኳት።

አመነችኝ። ዛሬ ጂንካ ታስተምራለች፤ በበዓል በበዓል ትደውላለች። ተማሪዎቿ ፈተና ሲፈሩ የምትነግራቸው ስለ እኔ ነው፤ እንደ ፈቃድህ ብላ ጸልያ፣ ካርታዋ ሲወጣ ሳታማርር ስለቆመችው ልጅ። ሰሌዳ መፍራት ያን ቀን ቀረልኝ። እሷ ስትደውል ግን ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ትንሽ እቆያለሁ።